ከባድ የድድ በሽታ፦ በልኬት ያልተመዘገበ አይከፈልም

አሜሪካ ውስጥ በጥርስ ክሊኒክና በቢሊንግ ሥራ ላይ ላላችሁ ወገኖቼ፦ «ድዱ ይደማል፣ በሽታው ከባድ ነው» የሚል ቻርት ለኢንሹራንስ ገምጋሚ ምንም አይነግረውም። ኮድ ዲ4341፣ ማለትም በአንድ የአፍ ሩብ 4 ወይም ከዚያ በላይ ጥርሶችን እስከ ሥራቸው ማጽዳት፣ ሲጠየቅ ገምጋሚው የሚያየው ልኬትና ራጅ ነው።

በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ 6 ቦታ ይለካ። በድድና በጥርስ መካከል ያለው የኪስ ጥልቀት ብቻውን ያሳስታል፤ ድዱ ወደ ሥሩ ከሸሸ ኪሱ ትንሽ መስሎ አጥንቱ ግን ተበልቶ ይገኛል። ስለዚህ ድዱ የሸሸበት ልክም ይመዝገብ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የድድ በሽታ ምደባ መሠረት በጥርሶች መካከል ድዱ ከጥርሱ የለቀቀው 5 ሚሊሜትር ከደረሰ ቢያንስ ደረጃ 3 ነው። በዚሁ በሽታ 5 ወይም ከዚያ በላይ ጥርሶች ከጠፉ ደግሞ ደረጃ 4።

የስኳር በሽታና ሲጋራ እንዳይረሱ፤ የበሽታውን ፍጥነት ይለውጣሉ። ሜዲካል ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ከባድና የተስፋፋው ሥር የሰደደ በሽታ ኮዱ ኬ05.323፣ በጥቂት ጥርሶች የተወሰነው ኬ05.313 ነው።

ክፍያ እንዲያልፍ ብሎ ልኬት መጨመር ማጭበርበር ነው። ታካሚዎችም የልኬታችሁን ቅጂ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።