ፈተናውን ከሥራው ምን አገናኘው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ተራኪ፦ በዛሬው ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዕለቱ ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2025 ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አስቸኳይ ትእዛዝ ደርሷቸዋል። በብዝኃነት፣ በፍትሐዊነትና በአካታችነት ክፍሎች የሚሠሩ ሁሉ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ፣ ደመወዛቸው እየተከፈለ ከሥራ ገበታቸው እንዲነሡ ይላል። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ዲ ኢ አይ የሚባለው አሠራር ከመንግሥት ቤት እንዲወጣ፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን ፈርመዋል። በማግስቱ ደግሞ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ያወጡትን ትእዛዝ ሻሩ። ከመንግሥት ጋር ውል ያለው ኩባንያ በቅጥር እንዳያዳላ፣ እኩል ዕድል ለመስጠትም እርምጃ እንዲወስድ የሚያስገድድ ትእዛዝ ነበር። 60 ዓመት ሊሞላው ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ፖለቲከኞቹ የሚሉትን ሰምተናል። የኩባንያ ኃላፊዎችም መግለጫ አውጥተዋል። እኛ ግን ጠዋት መታወቂያውን በር ላይ አስነክቶ ገብቶ፣ ማታ ደክሞት የሚወጣው ሠራተኛ ምን ይላል ብለን ጠየቅን።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በፌብሩዋሪ 2023 በመላ አሜሪካ ተቀጣሪዎችን አነጋግሮ ነበር። በሥራ ቦታ ለብዝኃነትና ለአካታችነት ትኩረት መስጠት ጥሩ ነው ያሉት 56 በመቶ ናቸው። 28 በመቶው ጥሩም መጥፎም አይደለም ሲሉ፣ መጥፎ ነው ያሉት 16 በመቶ ነበሩ። በኦክቶበር 2024 ጥያቄው ሲደገም ደጋፊዎቹ ወደ 52 ወረዱ፤ መጥፎ ነው ባዮቹም ወደ 21 ከፍ አሉ። ድጋፉ ቀንሷል። ያም ሆኖ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሠራተኛ በዚያን ጊዜም ከድጋፉ አልወጣም ነበር።

መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። በ2023 ጥሩ ነው ያሉት ከእስያ ዝርያ ሠራተኞች 72፣ ከጥቁሮች 65፣ ከነጮች 47 በመቶ ነበሩ። የሁሉም ትልቁ ልዩነት ግን በፓርቲ መካከል ያለው ነው። ዴሞክራት ከሆኑት 78 በመቶው ሲደግፉ፣ ከሪፐብሊካኖቹ የደገፉት 30 በመቶ ብቻ ናቸው። ከቆዳ ቀለም ይልቅ ፓርቲ አራርቋቸዋል። እኔ ይህን ሳነብ፣ ብዙው ሰው የመለሰው በቴሌቪዥን ስለሚሰማው ክርክር ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ስለ ገዛ መሥሪያ ቤታቸው ሲጠየቁ 54 በመቶው ለጉዳዩ የሚሰጠው ትኩረት ልክ ነው ብለዋል። በዝቷል ያሉት 14 በመቶ ነበሩ።

(የማሽን ድምፅ፤ ከርቀት)

ተራኪ፦ ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ ለመረዳት ሰሜን ካሮላይና፣ ያኔ ድሬፐር ትባል ወደ ነበረች ከተማ እንሂድ። ዱክ ፓወር የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ እዚያ በዳን ወንዝ የኃይል ማመንጫ ነበረው። ከ95 ሠራተኞቹ 14ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ጣቢያው አምስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ ጥቁር የሚቀጠረው በአንዱ፣ በጉልበት ሥራው ክፍል ብቻ ነበር። በዚያ ክፍል ትልቁን ደመወዝ የሚያገኘው ሰው፣ በሌሎቹ አራት ክፍሎች ትንሹን ደመወዝ ከሚያገኘው ያነሰ ይከፈለው ነበር።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቦታ መድልዎን ከለከለ። የሕጉ የቅጥር ክፍል ሥራ ላይ የዋለው በጁላይ 2 ቀን 1965 ነው። በዚያው ቀን ኩባንያው ወደ ተሻሉት ክፍሎች ለሚቀጠር አዲስ ሰው ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎችን ጨመረ። አንዱ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታን፣ ሌላው የሜካኒክ ግንዛቤን ይመዝናል ተባለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃም ያስፈልጋል። ዘር የሚል ቃል የትም የለም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በሰሜን ካሮላይና ለጥቁር ልጆች የተሰጠው ትምህርት ምን ዓይነት እንደ ነበር ማንም ያውቃል። ቀደም ብለው የገቡና ማስረጃው የሌላቸው፣ ፈተናውንም ያልወሰዱ ነጮች ደግሞ በዚያው ቦታ ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ ነበር።

ከጥቁሮቹ ሠራተኞች ዊሊ ግሪግስና አሥራ ሁለት ባልደረቦቹ ኩባንያውን ከሰሱ። ማርች 8 ቀን 1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ አንድ የልዩነት ድምፅ ፈረደላቸው። አሠሪው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም፣ ያወጣው መስፈርት አንዱን ወገን የሚያስቀርና ከሥራው ጋር የማይገናኝ ከሆነ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። ፈተናውን ከሥራው ምን አገናኘው? ይህን የማስረዳት ሸክም አሠሪው ላይ ወደቀ። በእኔ አስተያየት፣ ዛሬም ቢሆን ለማንኛውም ሠራተኛ በቀላሉ የሚገባው ይህ ጥያቄ ነው።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ታዲያ በዲ ኢ አይ ላይ ያለው ቅሬታ ከየት መጣ? የሃርቫርዱ ፍራንክ ዶቢንና የቴል አቪቩ አሌክሳንድራ ካሌቭ ከ800 በላይ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የሠላሳ ዓመት መረጃ መርምረዋል። አለቆችን አስገድዶ የብዝኃነት ሥልጠና ላይ ባስቀመጠ ኩባንያ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በኃላፊነት ላይ ያሉት ጥቁር ሴቶች ድርሻ በአማካይ በ9 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ገና ሳይጠየቅ እንደ ጥፋተኛ የተቆጠረ ሰው ልቡን ይዘጋል። ቪዲዮውን በአንድ በኩል ከፍቶ በሌላው በኩል ኢሜይሉን ይመልሳል፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄዎቹን ነካክቶ ምስክር ወረቀቱን ያወጣል። ልምድ ያለው ኃላፊ አዲሱን ሠራተኛ በስም ይዞ የሚያሳድግበት አሠራር ግን ፍሬ ሰጥቷል። ያን ልጅ የሚያውቀው ኃላፊ፣ ዕድገት ሲመጣ ይሟገትለታላ!

ዲ ኢ አይ አያስፈልግም ለሚሉት ደግሞ በቦስተንና በቺካጎ የተደረገውን ሙከራ እንጥቀስ። በ2004 በታተመው ጥናት ማሪያን በርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎችን በጋዜጣ ለወጡ ክፍት ቦታዎች ላኩ። በአንዱ ሲቪ ላይ ኤሚሊ ወይም ግሬግ፣ በሌላው ላኪሻ ወይም ጀማል ይላል። የነጭ የሚመስለው ስም በአማካይ በየ10 ሲቪው አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር የሚመስለው 15 መላክ ነበረበት። ሐበሻ ወገናችን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሲያትል ሥራ ሲፈልግ፣ የአባቱን ስም አንባቢው እንዳይከብደው አሳጥሮ የሚጽፍ አለ።

በፒው ጥናት ልቤን የነካው አንድ ነገር አለ። የምሠራበት ቦታ በዘር የተሰባጠረ መሆኑ ለእኔ በጣም አስፈላጊ ነው ያለው 32 በመቶ ሲሆን፣ የአካል ጉዳት ላለበት ሰው ምቹ መሆኑ በጣም አስፈላጊ ነው ያለው ግን 50 በመቶ ነው። ራምፑና አሳንሰሩ ይታያል፤ ለማን እንደሚጠቅምም አያከራክርም።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

ተራኪ፦ ሕጉስ አሁን የት ደረሰ? በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ተበድያለሁ ሲል ከሌላው የበለጠ ማስረጃ ሊጠየቅ አይገባም ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ፍርዱን የጻፉት በችሎቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በኤፕሪል፣ ፕሬዚዳንቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በነግሪግስ ፍርድ ላይ የተመሠረቱ ጉዳዮችን ለመከታተል ቅድሚያ እንዳይሰጡ አዘዋል። ይሁን እንጂ ያንን መርሕ ኮንግረስ በ1991 በሕግ አጽድቆታል፤ በፕሬዚዳንት ፊርማ የሚሰረዝ አይደለም። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት የምትሠሩ አድማጮች፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በትውልድ አገር ምክንያት ተበድለናል ካላችሁ፣ አቤቱታው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን መግባት ያለበት በ180 ቀናት ውስጥ ነው። የራሳቸው ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባላቸው ግዛቶች ጊዜው እስከ 300 ቀናት ይረዝማል። ደብዳቤውን፣ ኢሜይሉንና የደመወዝ ወረቀቱን አስቀምጡ።