የታረመው ስህተት ለምን ተመልሶ ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1976 ሚያዝያ ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1968 መሆኑ ነው፣ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የሚሠራው ስቲቭ ጆንሰን ዕድሉን እየረገመ ወደ ባልደረባው ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ዘው ብሎ ገባ። ጠዋቱን ሙሉ የፈጀው አንድም እንከን የሌለበትን ፕሮግራም ሲያርም ነበር። ስህተቱን ቀድሞ አግኝቶ አስተካክሎታል፤ ያስተካከለው ፋይል ግን እንደገና ኮምፓይል አልተደረገም፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ አልተቀየረም። እሱ የሚያነበው አዲሱን ኮድ፣ ማሽኑ የሚያስኬደው አሮጌውን። ፌልድማን ሊስቅበት አልቻለም፤ በዋዜማው ምሽት እሱም በዚያው ጣጣ ተይዞ ነበር።

በዚያው ቅዳሜና እሁድ ፌልድማን ሜክ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ዛሬም በየአገሩ በሚገኙ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሶፍትዌር ሲስተም ሽልማት የተሰጠው በዚሁ ሥራው ነው።

ነገሩ እንዲገባን ከኮምፒውተር ትንሽ ራቅ ብለን ወደ ጠላ እንሂድ። ጠላ ከድፍድፍ ይወጣል። ድፍድፉ ጥንስስና እንኩሮ ይፈልጋል። ጥንስሱ ጌሾና ብቅል፣ እንኩሮው ዱቄት ይፈልጋል። እንኩሮው ምጣድ ላይ ቢያርር ጠማቂዋ ምን ታደርጋለች? ሌላ ዱቄት ታንኩራለች እንጂ ሦስት ቀን የቆየውን ጥንስስ አትደፋም። ብቅሉ ሻግቶ ከተገኘ ግን ጥንስሱም ከእሱ ወዲያ ያለውም ሁሉ ተበላሽቷል፤ እንኩሮው ብቻ ይተርፋል። የትኛው ከየትኛው እንደሚመጣ በጭንቅላቷ ስላለ፣ መደገም ያለበትን ብቻ ትደግማለች።

ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የኮድ ፋይሎች ለየብቻ ኮምፓይል ይደረጋሉ፤ ከዚያ ተገጣጥመው አንድ ፕሮግራም ይሆናሉ። ፕሮግራመሮች ይህን ሂደት ግንባታ ይሉታል። ልዩነቱ፣ ጠማቂዋ የምታስታውሰው ስድስት ሰባት ነገር ሲሆን ፕሮግራመሩ ሊያስታውስ የሚገባው ሺህ መሆኑ ነው። ሜክ ይህን ሸክም ከሰው ጭንቅላት አውርዶ አንድ ፋይል ላይ አኖረው። በፋይሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ውጤት ከምን እንደሚሠራና በየትኛው ትእዛዝ እንደሚሠራ ይጻፋል። ሜክ የፋይሎቹን ሰዓት ያያል፤ ግብዓቱ ከውጤቱ በኋላ ከተነካ ትእዛዙን ያስኬዳል፣ ካልተነካ ያልፈዋል። ብልሃቱ በሙሉ ይኸው ነው።

ጋን ማጠንስ? እሱ ሥራ ነው እንጂ ዕቃ አይደለም፤ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አያወጣም። ሜክም እንዲህ ያሉ ሥራዎች አሉት፤ ለምሳሌ የቆዩ ውጤቶችን ጠራርጎ ማጥፋት። እነዚህን «ፋይል አይደሉም» ብላችሁ ካልነገራችሁት፣ በአጋጣሚ በሥራው ስም የተሰየመ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ካገኘ «ይሄማ አለ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚህ ያልተሞኘ የሜክ ተጠቃሚ አላውቅም።

ሜክ አንድ የታወቀ ጠባሳ አለው። የትእዛዝ መስመር መጀመር ያለበት በታብ ነው፤ ስምንት ባዶ ቦታ ብትመቱ ለዐይን ያው ነው፣ ሜክ ግን አይቀበልም። ፌልድማን ራሱ እንደተናገረው ነገሩ የመጣው ያን ጊዜ ገና አዲስ በነበረ መሣሪያ ሲጀማምር ተወሳስቦበት አቋራጭ በመውሰዱ ነው። ሊያስተካክለው ሲያስብ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት አልፈው ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች አፍርቶ ነበር፤ አብዛኞቹ ወዳጆቹ ናቸውና ሥራቸውን ሊያበላሽባቸው አልፈለገም። ለ12 ሰዎች የተደረገ ይሉኝታ ሚሊዮኖችን ሲያስቸግር ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ታቡስ ይለመዳል። የከበደው ሌላ ነው። የግንባታ ፋይል ዝርዝር ሆኖ ይጀምርና ሳይታወቅ ፕሮግራም ይሆናል። መጀመሪያ «ይህን ከዚህ ሥራ» ነበር። ቀጥሎ «ዊንዶውስ ላይ ከሆንክ ግን እንዲያ አድርግ»፣ ከዚያ «በዚህ ፎልደር ላለ ለእያንዳንዱ ፋይል ድገም»፣ ከዚያ «የቨርዥኑን ቁጥር ከዚያ ፋይል አንብበህ እዚህ ጻፍ» ይመጣል። ዝርዝር ሆኖ የተፈጠረው ነገር «ከሆነ»ን፣ «ለእያንዳንዱ»ን፣ «አንብበህ»ን እንዲናገር ሲገደድ ይኮላተፋል።

ይህ መኮላተፍ በሜክ ብቻ አልቀረም። ጄምስ ዳንከን ዴቪድሰን ለጃቫ ፕሮግራመሮች አንት የተባለውን የግንባታ መሣሪያ ሲሠራ ለፋይሉ መጻፊያ የመረጠው ኤክስኤምኤል ነበር፤ አንት እ.ኤ.አ. በ2000 ራሱን ችሎ ወጣ። ስሙ ጉንዳን ማለት ነው፤ ትንሽ ሆኖ ትልቅ የሚገነባ። ጉንዳኑ እውነትም ዓለምን አዳረሰ፤ ነገር ግን ኤክስኤምኤል መረጃ ማስቀመጫ እንጂ ሐሳብ መናገሪያ ስላልሆነ ፋይሎቹ በማእዘን ቅንፍ የታጨቁ፣ ለማንበብ የሚታክቱ ሆኑ። ዴቪድሰን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያን ጊዜ የዛሬውን ባውቅ ኖሮ እንደ ጃቫስክሪፕት ወይም ፓይተን ያለ እውነተኛ የስክሪፕት ቋንቋ እሞክር ነበር ሲል ጽፏል። በሠራው ነገር ላይ እንዲህ በአደባባይ የሚፈርድ መሐንዲስ ብዙ አይገኝም።

የሩቢ ቋንቋ ፕሮግራመሩ ጂም ዋይሪክ ወደዚሁ ሐሳብ የደረሰው በጨዋታ ነው። ከሥራ ባልደረባው ጋር ስለ ሜክ ሲያወጉ «በፋይሉ ውስጥ ሩቢን መጻፍ ቢቻል» የሚል ሐሳብ መጣ። ዋይሪክ አይሆንም ብሎ ተወው፤ ሐሳቡ ግን እሱን አልተወውም። በራሱ አተራረክ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሬክ የተባለው መሣሪያ የመጀመሪያ ቅርጽ ተጻፈ። የመሣሪያው ማብራሪያ የሚከፈተው ደራሲው ይህን ኮድ ለመጻፍ ፈጽሞ እንዳላሰበና ለማንም መጥቀሙን እንደሚጠራጠር በመናገር ነው። ዛሬ ሬክ ከሩቢ ቋንቋ ጋር አብሮ ይመጣል።

የዋይሪክ ሐሳብ ፍሬው ይህ ነው፦ የግንባታው ፋይል የራሱ ቋንቋ አያስፈልገውም። ያለውን ቋንቋ ወስዶ ሁለት ሦስት ቃል ማከል ይበቃል። ለአንድ ፎንት ዝግጅት የሚሆን ሥራ በአማርኛ ቢጻፍ እንዲህ ይመስላል፦

ለእያንዳንዱ ውፍረት (ቀጭን፣ መደበኛ፣ ደማቅ)፦
ውጤት፦ በዚያ ውፍረት የተዘጋጀ ፎንት
ግብዓት፦ የፊደላቱ ሥዕሎች፣ የአቀማመጡ ሕጎች
ሥራ፦ ሥዕሎቹን ወደ ፎንት ቀይር፤ ስሙን ጻፍበት

«ለእያንዳንዱ» የምትለው ቃል የስክሪፕት ቋንቋው ናት። «ውጤት» እና «ግብዓት» ደግሞ የግንባታ መሣሪያው ናቸው። ዐሥረኛ ውፍረት ሲመጣ የሚጨመረው አንዲት ቃል እንጂ ዐሥረኛ አንቀጽ አይደለም።

ፎንትን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ግእዝ ፊደል የምናነብበት አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንት የሚሰናዳው በዚህ መንገድ ነው። ፎንቱን ያዘጋጀው ኤስአይኤል የተባለ ድርጅት ለፎንቶቹ ስሚዝ የሚባል መሣሪያ አለው፤ ስሚዝ ዋፍ በተባለ የግንባታ መሣሪያ ላይ የቆመ ሲሆን ሁለቱም የተጻፉት በፓይተን ነው። የግንባታው ፋይልም ራሱ የፓይተን ስክሪፕት ነው። የፊደሎቹ ሥዕሎች ዩኤፍኦ በተባለ አቀማመጥ ይቀመጣሉ፤ እዚያ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ትንሽ ፋይል አለው፤ ሀ ለብቻዋ፣ ሁ ለብቻዋ፣ ሏ ለብቻዋ። አንድ ሰው የጰን እግር ቢያስተካክል የሚነካው አንድ ፋይል ነው። ከዚያ «ስሚዝ፣ ገንባ» ማለት ነው፤ ለኮምፒውተር የሚሆነው ፎንት ይወጣል። ለድረ ገጽ የሚሆነው ቅርጽ፣ መሞከሪያ ገጾቹና ለማውረድ የሚታሸገው ጥቅልም በዚያው ስክሪፕት የሚታዘዙ ናቸው። በጣም የምወደው ነገር፣ ስሚዝን በሚጠቀሙ ፕሮጀክቶች የቨርዥኑ ቁጥር ሁለት ቦታ እንዲጻፍ አለመገደዱ ነው፤ ስክሪፕቱ ከፎንቱ ምንጭ ራሱ ያነበዋል። እንዲህ ያለ ነገር ዝርዝር ብቻ በሆነ ፋይል ውስጥ ጭንቅ ነው፤ በስክሪፕት አንድ መስመር ነው።

እንግዲህ ሙሉ ቋንቋ ሲሰጥ ሙሉ ነጻነት ይሰጣል፤ ነጻነቱ ደግሞ ጆንሰንን መልሶ ያመጣዋል። በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የአማርኛ ጽሑፎችን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር ትንሽ የፓይተን ሥራ ጽፌ ነበር። በመንገዱ ላይ የፊደል አጠቃቀምን ያስተካክላል፤ «ጸሀይ» ያለውን «ፀሐይ»፣ «ሀይል» ያለውን «ኃይል» ያደርጋል። የማስተካከያው ዝርዝር ለብቻው በአንድ ፋይል ነበር። አንድ ቀን ዝርዝሩ ውስጥ የተሳሳተ ቃል አገኘሁና አረምኩት። ግንባታውን አስኬድኩ። መሣሪያው «የሚሠራ ነገር የለም» አለኝ። ገጹን ከፈትኩ፤ ስህተቱ እንዳለ ነው። ስክሪፕቱን መስመር በመስመር አነበብኩ፤ ልክ ነው። ደግሜ አነበብኩ። ለካ ስክሪፕቱ ዝርዝሩን ከውስጥ ከፍቶ ያነበዋል እንጂ እኔ «ግብዓት» ብዬ አላስመዘገብኩትም። መሣሪያው የሚያውቀው የተመዘገበውን ነው፤ ከተመዘገበው የተነካ የለም፣ ስለዚህ አልፎታል። ግማሽ ቀኔን የፈጀሁት እንከን የሌለበትን ፕሮግራም ሳርም ነው፤ ከጆንሰን ጠዋት ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ዘግይቼ።

ሌሎች መሣሪያዎች ይህን ችግር እንዴት ያዩታል? አንድሮይድ አፕ የሠራ ሰው ግሬድል የተባለውን የግንባታ መሣሪያ ያውቀዋል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 አንድሮይድ ስቱዲዮን ሲያስተዋውቅ ይዞት መጣ። ስክሪፕቱ በግሩቪ ወይም በኮትሊን ይጻፋል። የራስን ሥራ ሲጽፉበት የትኛው ፋይል ግብዓት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ ምልክት ይደረግበታል፤ ግሬድል የሚያነጻጽረውም ሰዓትን ሳይሆን የፋይሉን ይዘት ነው፤ ፋይሉ ተከፍቶ ሳይለወጥ ቢቀመጥ አይታለልም። የሚሠራው ግን በሦስት ዙር ነው፦ መጀመሪያ ፕሮጀክቶቹን ይለያል፣ ቀጥሎ ያሉትን ሥራዎች ይቆጥራል፣ በመጨረሻ የተጠየቀውን ይሠራል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሥራውን ራሱን በቆጠራው ዙር ላይ ሲጽፈው ነው። ዱቄት መኖሩን እይ ሲሏት ማንኮር እንደምትጀምር ልጅ፣ ምንም ትእዛዝ ቢሰጥ ያ ሥራ በየጊዜው ይሠራል። «ግሬድል ቀርፋፋ ነው» ከሚሉኝ ሰዎች ፋይላቸውን ሳይ ደጋግሜ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ኢንተርኔት ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ፣ አንዴ የሚያስፈልገው ከወረደ በኋላ ያለ ኔትወርክ ሥራ የሚል አማራጭ አለው፤ ተጠቀሙበት።

ጉግል ለራሱ የሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ የከፈተውን ባዝል የተባለ የግንባታ መሣሪያ ያዘጋጁት ሰዎች ከዚህ ይበልጥ ጨከኑ። የባዝል ስክሪፕት ቋንቋ ስታርላርክ ሲታይ ፓይተን ይመስላል፤ ሆን ተብሎ ግን ተቆርጧል። ማለቂያ ላይኖረው የሚችል ዙር የለም፣ ራሱን የሚጠራ ተግባር አይፈቀድም፣ ሰዓት አይጠይቅም፣ ዕጣ አያወጣም። ሥራውም የሚካሄደው በታጠረ ቦታ ነው፤ ያልተመዘገበ ፋይል በተለመደው አሠራር ከአጥሩ ውስጥ አይገኝም። የእኔ የፊደል ዝርዝር ባዝል ላይ ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ይሰናከል ነበር። ለትንሽ ፕሮጀክት ይህ ሁሉ አጥር ይበዛል፤ ይሁንና ፍርዴ ከእነሱ ጋር ነው። አሠራሩ ላይ ስክሪፕቱ የፈለገውን ይሁን፤ ግብዓት ላይ ግን ምንም ነገር በጓሮ በር መግባት የለበትም።

ጓሮ በር ሲባል ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የሆነውን ማንሳት ግድ ነው። ኤክስዜድ በሚባለው፣ ሊኑክስ ላይ ፋይል ለማጨቅ በሚያገለግለው ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ጠላት በር ከፍቶ ተገኘ። የተንኮሉ ቀስቃሽ የነበረው ፕሮግራመሮች በየቀኑ በሚያዩት ኮድ ውስጥ አይደለም። በግንባታው ስክሪፕት ውስጥ ነበር፤ ያም ስክሪፕት ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል እንጂ በይፋዊው የኮድ ማከማቻ አይገኝም። ስክሪፕቱ ለመሞከሪያ የተቀመጡ ከሚመስሉ ፋይሎች የተደበቀውን ኮድ እያወጣ በግንባታው ጊዜ ያስገባዋል። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ነው፤ የመነሻ ፍንጩም ወደ ሰርቨር መግቢያው ከተለመደው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። የግንባታ ስክሪፕት የእናንተን ኮምፒውተር በእናንተ ስም የሚያዝ ፕሮግራም ነው፤ ከሁሉ ያነሰ አንባቢ ያለውም እሱ ነው።

ስለዚህ የራሳችሁን ስክሪፕት ስትጽፉ ሌላ ሰው እንዲያነበው አድርጉ። ከዚያ ግንባታውን ሁለት ጊዜ በተከታታይ አስኪዱት፤ ሁለተኛው ዙር ምንም መሥራት የለበትም። ከሠራ፣ ውጤቱን ያላስመዘገበ ሥራ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ግብዓቶቹን አንድ በአንድ እየነካችሁ አስኪዱት። ነክታችሁት ዝም ያለ ካለ፣ ማረም የምትጀምሩት ከዚያ ነው።