ከልጅነቱ ጀምሮ ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖር ምእመን፡ ጾሙ፣ ጠበሉና መድኃኒቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ልጆቿን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጾምን፣ ጸሎትንና ስግደትን እያለማመደች ታሳድጋለች። ከእነዚህ ልጆች መካከል ገና በለጋ ዕድሜያቸው የስኳር ሕመም ያገኛቸውና በየዕለቱ የኢንሱሊን መርፌ እየወሰዱ የሚኖሩ አሉ። «እንደ ጓደኞቼ ልጹም ወይስ ልብላ? ጠበል ስጠመቅ መርፌውን ልተወው? በቈረብሁበት ቀን ጣቴን ወግቼ ደሜን ልለካ?» እያሉ ይጨነቃሉ። ጥያቄውን ለአባቶች አቅርበው መልስ የሚያገኙ ብዙዎች ናቸው። አፍረው ወይም ፈርተው ሳይጠይቁ የቀሩት ግን በራሳቸው ፈቃድ መድኃኒቱን ወደ ማቋረጥ ይደርሳሉ፤ ይህም ለሞት የሚያበቃ አደጋ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሕመሙን ጠባይ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

የሕመሙ ጠባይ

የምንመገበው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ንፍሮ በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ለሰውነት ኃይል የሚሆነው ቆሽት የተባለው የሰውነት ክፍል በሚያመነጨው ኢንሱሊን አማካይነት ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት የሚጀምረው፣ ሐኪሞች «ዓይነት 1» የሚሉት የስኳር ሕመም፣ የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ሕዋሳት በማጥፋቱ የሚመጣ ነው። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን በምግብ መካከል እያለ ይራባል።

ምልክቶቹ የውኃ ጥም መብዛት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ እየበሉ መክሳትና ድካም ናቸው። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ሕፃንም እንደገና ሊጀምር ይችላል። ሕመሙ ሳይታወቅ ሲቆይ ሰውነት ለኃይል ብሎ ስብን ያቃጥላል፤ ከዚህም ኪቶን የሚባል አሲድ በደም ውስጥ ይበዛል። ያን ጊዜ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ፣ የትንፋሽ ሽታ መለወጥ፣ በመጨረሻም ራስን መሳት ይከተላል። ይህን ምልክት ያየ ወላጅ ሳይዘገይ ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ሊያደርስ ይገባል።

ሕመሙ ልጁ ጣፋጭ ስላበዛ የመጣ አይደለም። «ወላጆቹ ምን በድለው ይሆን?» የሚለው ሐሜትም ክርስቲያናዊ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን የሰውየውም የወላጆቹም ኃጢአት ምክንያት እንዳልሆነ አስተምሯቸዋል።

ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት

ይህ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት በዓይነት 1 የተያዙ ልጆች አብዛኞቹ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት ያለፈ ዕድሜ አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን የታወቀው ሕክምና ልጆቹን እጅግ ጥቂት ምግብ እየሰጡ ማስራብ ነበር። ይህም ሞታቸውን ለጥቂት ጊዜ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አላዳናቸውም፤ ከሕመሙ የተረፉት በረኃብ ይሞቱ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት ለማውጣት ቻሉ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ መርፌውን የወሰደ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሆነ። በሞት አፋፍ የነበረው ይህ ልጅ መድኃኒቱ ከተጣራ በኋላ በድጋሚ ሲሰጠው በረታ፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖረ። ታሪኩን ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከምግብ መከልከል ብቻውን ይህን ሕመም እንደማያድን፣ መርፌውም ለእነዚህ ልጆች የሕይወት እስትንፋስ እንደሆነ ያስረዳናል።

ጾምና ሕመምተኛው

ብዙ ወጣቶች «ካልበላሁ ኢንሱሊን አያስፈልገኝም» ብለው ያስባሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሰው ባይበላም እንኳ ጉበቱ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ስለዚህ ኢንሱሊን በጾም ቀንም ያስፈልጋል። መርፌውን የተወ ሰው ደሙ በአሲድ ይመረዛል። በሌላ በኩል መርፌውን ወስዶ የማይበላ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች ይወርዳል። በሀገራችን ብዙዎች የሚወስዱት፣ ሲታይ ደመናማ የሆነው የኢንሱሊን ዓይነት ጠዋት ሲወሰድ ኃይሉ የሚበረታው ከእኩለ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ ጿሚው ምንም ሳይቀምስ የሚቆይበት ሰዓት ነው። እንግዲህ አደጋው በሁለቱም ወገን መሆኑን ልብ እንበል።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች? ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ዓላማው የሥጋን ፍትወት አድክሞ ለነፍስ ማስገዛት እንደሆነ ያስረዳል። የሐዋርያት ቀኖናም ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን መጾም ግዴታ መሆኑን ሲደነግግ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ሰው ለይቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ሕመምተኛ በሐኪምና በንስሓ አባት ምክር ቢመገብ ሥርዓትን እንዳፈረሰ አይቈጠርም።

በጾም ውስጥ ሁለት ነገሮች እንዳሉም እናስተውል። አንደኛው እስከ ተወሰነው ሰዓት ከምግብ መከልከል ሲሆን ሁለተኛው ከጥሉላት መከልከል ነው። መርፌ ለሚወስድ ወጣት አደገኛው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ግን ሐኪሙ የተለየ ምክንያት ካላገኘ በስተቀር ብዙዎች ሊጠብቁት ይችላሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑና ሰላጣው በልክ ከተወሰነ እንጀራ ጋር ሲቀርብ ለስኳር ሕመምተኛ የሚስማማ ማዕድ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው በጾም ወቅት እንጀራው፣ ዳቦው፣ ድንቹና ሩዙ በአንድ ገበታ ሲበዙ ነው። በሰዓቱ የጾም ምግብ የሚመገብ፣ አንደበቱን ከሐሜት፣ ዓይኑን ከክፉ የሚጠብቅ፣ የሚጸልይና የሚመጸውት ወጣት በእውነት ጿሚ ነው።

በሰሙነ ሕማማት ስግደት ስለሚበዛ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስግደት ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ ረጅም የእግር ጉዞና ሌሊቱን በማኅሌት መቆምም እንዲሁ ነው። የስግደቱን ቍጥር የንስሓ አባት፣ የመድኃኒቱን መጠን ሐኪም አስቀድመው ይወስኑለት።

ቅዱስ ቍርባንን በተመለከተ

ከቍርባን በፊት ለብዙ ሰዓት መጾም እንዳለ፣ ከቈረቡም በኋላ ደም እንዳይፈስ መጠንቀቅ እንደሚገባ ምእመናን ያውቃሉ። በየቀኑ ጣቱን ለሚወጋ ልጅ ይህ ከባድ ፈተና ነው። ብዙዎችም በዚህ ፍርሃት ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙ ርቀው ይኖራሉ፤ ሌሎችም ቈርበው ቀኑን ሙሉ መለኪያውንም መርፌውንም ይተዋሉ። ሁለቱም መንገድ ይጎዳል።

መፍትሔው አስቀድሞ ለንስሓ አባት ሁሉንም ግልጥ አድርጎ መንገር ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጋ፣ ሳይበላ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚችል፣ ስኳሩ ቢወርድ ምን እንደሚደርስበት ይንገራቸው። አባት የልጃቸውን ሁኔታ አውቀው እንደ አቅሙ ሥርዓት ይሠሩለታል። በጾሙ ሌሊት ስኳሩ ከወረደበት ግን ሳያመነታ ጣፋጭ ይውሰድ፤ ከዚያም ለካህኑ ነግሮ ቍርባኑን ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፍ።

ጠበልና መድኃኒት

ጠበል የእግዚአብሔር ኃይል የሚገለጥበት መሆኑን እናምናለን፤ ብዙዎች መዳናቸውንም እንመሰክራለን። ይሁን እንጂ «እምነትህ ሙሉ ከሆነ መርፌውን ጣል» የሚል ምክር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ታማሚው እንዲጸልይ፣ ለሐኪምም ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨምሮለታል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዝዟል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር።

በዘመናችንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን መሰራጨት ሲጀምር ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ለምእመናን አስተምረዋል። ኢንሱሊንም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጠበል ለመጠመቅ የሚሄድ ወጣት መድኃኒቱን፣ መለኪያውንና የሚበላውን ይዞ ይሂድ። ፈውስ አግኝቻለሁ ብሎ ቢያምን እንኳ በሐኪም ምርመራ ሳይረጋገጥ አንዲት መርፌ አይተው። ጌታችን ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ ማዘዙን እናስታውስ፤ እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

በዐውደ ምሕረት ልናውቀው የሚገባ

በቅዳሴ መካከል አንድ ወጣት ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ ወይም ጠባዩ ድንገት ቢለወጥ ብዙዎች ርኵስ መንፈስ ነው ይላሉ። የስኳር ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ግን ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ነፍሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ ወዲያው ይሰጠው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ይደገምለት። ራሱን ከሳተ ምንም ነገር በአፉ ሳንጨምር በጎኑ አስተኝተን ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው።

የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎችና የአብነት መምህራንም ከተማሪዎቻቸው መካከል ይህ ሕመም ያለበትን ይወቁ። ምሥጢሩን ጠብቀው፣ በሰዓቱ እንዲበላ ሲወጣ ሳይገሥጹ፣ በጠበል ጸዲቅና በማኅበር ላይም «ይህን ካልቀመስህ» ብለው ሳያስገድዱ ይርዱት። ጫማችንን አውልቀን ወደ መቅደስ የምንገባ በመሆኑም ለብዙ ዓመታት ከሕመሙ ጋር የኖሩ ምእመናን ሲመለሱ እግራቸውን ይመልከቱ፤ ሕመሙ ስሜትን ስለሚያደነዝዝ እሾህ ወግቷቸው ላያውቁት ይችላሉ።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ገጠር መድኃኒቱን ስለ ማስቀመጥም አንድ ነገር እንጨምር። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሎ፣ በጥላ ስር በተቀመጠና ዙሪያው በውኃ በረጠበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ማኖር ከሙቀት ይጠብቀዋል። ፀሐይ ያገኘው ወይም በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን ከጾም ሥርዓት አውጥታችሁ ለብቻው አታስቀምጡት፤ ከአቅሙ በላይም አታሸክሙት። በመጪው ጾም መግቢያ ከሐኪሙ ጋር ስለ መድኃኒቱና ስለ ምግቡ ሰዓት ተነጋገሩ፤ የሰማችሁትንም ይዛችሁ ልጁን ወደ ንስሓ አባቱ አቅርቡት። እናንተም ወጣቶች፣ በየቀኑ በትዕግሥት የምትሸከሙት ይህ መርፌ ከቤተ ክርስቲያን የሚለያችሁ እንዳይመስላችሁ። እግዚአብሔር የሰጣችሁን ሕይወት የምትጠብቁበት ነውና በምስጋና ውሰዱት።

አምላካችን እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለአስታማሚዎች ትዕግሥትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።