ተጨማሪ መረጃ፦ የተራራ ጅረት ቀዘፋና ተመላሽ አዙሪት

ካያክ ቀዛፊው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ በመቀመጥ በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ የሚነዳት ጠባብ ጀልባ ስትሆን፣ ለተራራ ጅረት የምትሠራው ዓይነት ከፏፏቴ ሥር ቶሎ እንድትንሳፈፍ አጭርና ሆደ ሰፊ ትደረጋለች። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የግሪን ወንዝ ጠባብ ሸለቆ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ውድድር የተጀመረበት፣ በተራራ ጅረት ቀዘፋ ስመ ጥር ነው።

ቀዛፊዎች ከፏፏቴ ሲወርዱ ግን ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚያሰጋው የፏፏቴው ከፍታ ሳይሆን ከሥሩ የሚፈጠረው ተመላሽ አዙሪት ነው፤ ቁልቁል የተወረወረው ውሃ ወደ ታች ሰርጎ ሲገባ የገጹ ውሃ ወደ ፏፏቴው ስለሚመለስ የወደቀውን ሰው ደጋግሞ ያሰጥማል፣ አየር የተቀላቀለበት አረፋም እፍጋቱ ስለሚቀንስ የማንሳፈፍ ኃይሉ ይዳከማል። ለዓይን ገር የሚመስሉ ዝቅተኛ ግድቦች እጅግ የሚፈሩት፣ አዙሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያለ መውጫ ስለሚዘረጉት ነው።