ስለ አውቶሞቢል ማሞቂያ ማፍሰስና ስለ ጥገናው

የዘርና የማዳበሪያ ማከፋፈያ ወራት ሲደርስ የአንድ መኪና መቆም ለወረዳው ገበሬ ሁሉ መዘግየት ነው። መኪናን ከመንገድ ከሚያስቀሩት ምክንያቶች አንዱ፥ ሹሙም ሾፌሩም አቃልለው የሚያልፉት፥ የማሞቂያው ውሃ ማፍሰስ ነው።

ማሞቂያ የተባለው ከዳሽቦርዱ በስተኋላ ተሰውሮ የሚገኝ ትንሽ ራዲያተር ነው። ሞተሩ ያሞቀው ውሃ በአንዱ ማኒኮቶ ገብቶ በሁለተኛው ይመለሳል፤ በመካከሉ ቬንትሌተር ነፋስ ሲነፍስበት ሙቀቱ ወደ ተሳፋሪዎች ይደርሳል። እንግዲህ የማሞቂያው ውሃና የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ አንድ ስለ ሆኑ፥ ማሞቂያው ሲያፈስ የሚጐዳው የተሳፋሪው ምቾት ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ ነው።

ጉዳቱም በደጋ አገር ይበልጥ ይፈጥናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፥ በድስት የተጣደ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደኅና ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። ውሃው በሞተሩ ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን አንድ ባር ያህል ግፊት አፍኖ ስለሚይዝና የመፍያውን ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለሚያደርገው ነው። ማሞቂያው በሚያፈስበት ጊዜ ግን ይህ ግፊት ይጠፋል፤ ስለዚህ ውሃው ገና ሳያልቅ ይፈላል፥ ቴስታታውም ይጣመማል። አንዳንድ ሾፌር በጀሪካን ውሃ ጭኖ በየዕለቱ መጨመርን እንደ ጥገና ይቈጥረዋል፤ ይህ የሞተሩን መቃጠል ለጥቂት ቀን ማራዘም እንጂ ጥገና አይደለም።

ምልክቶቹን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ማሞቂያው በተከፈተ ጊዜ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል፤ የፊት መስተዋቱ በጉም ይሸፈናል፥ በጨርቅ ቢወለወልም ቅባት የመሰለ ነገር ይቀርበታል፤ በእግር በኩል ያለው ምንጣፍ ይረጥባል። ነገር ግን እርጥበት ሁሉ ከማሞቂያው የመጣ አይደለም። ነጭ ጨርቅ በምንጣፉ ላይ ተጭኖ ሲታይ ውሃው ቀለምና ሽታ የሌለው ከሆነ ምናልባት የዝናብ ወይም የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ነው፤ ቀለም ያለውና በጣት መካከል የሚያንሸራትት ከሆነ ግን የሞተሩ ውሃ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከዚህ በኋላ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ምርመራው ይጀመራል፤ በትኩስነቱ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። አስቀድሞ መታየት ያለባቸው ሁለቱ ማኒኮቶዎች፥ ፋሸታዎቻቸውና የውሃው መዝጊያ ቫልቭ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ይገኛልና ዳሽቦርዱን ለመፍታት መቸኰል ዋጋ ያስከፍላል። የተሰነጠቀ ወይም ሲጨበጥ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ማኒኮቶ ይለወጣል። እነዚህ ደኅና ሆነው ሳለ በእጅ የግፊት መሞከሪያ ሲሞከር ግፊቱ የሚወርድና ምንጣፉ የሚረጥብ ከሆነ፥ ያፈሰሰው የማሞቂያው ራዲያተር ራሱ ነው።

መኪናው ከጋራዥ ርቆ ሳለ ይህ ቢደርስ፥ ሁለቱ ማኒኮቶዎች ከማሞቂያው ተፈትተው ጫፎቻቸው በልክ የሆነ የብረት ቱቦ ይገናኛሉ፥ በፋሸታም ይጠብቃሉ። ጫፎቹን በእንጨት መወተፍ ግን በአንዳንድ ሞተሮች የውሃውን ዙር ስለሚያቋርጥ አይመከርም። በዚህ ሁኔታ መኪናው ያለ ማሞቂያ ሥራውን ይቀጥላል፤ ነገር ግን የፊት መስተዋቱ በሙቀት ስለማይጠራ በተራራ ላይ ጉም ባለበት ሰዓት ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ማፍሰሻን ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ቀጫጭን የራዲያተር ቱቦዎችንም ስለሚደፍን ባይጨመር ይሻላል።

የቀድሞዎቹ ማሞቂያዎች ከመዳብና ከነሐስ ስለሚሠሩ በእርሳስ ብየዳ ይጠገናሉ። ከአሉሚኒየምና ከፕላስቲክ የተሠሩት ግን በዚህ ብየዳ አይያዙም፤ በአዲስ መለወጥ አለባቸው። አዲሱ ከገባ በኋላ የማሞቂያው መክፈቻ እስከ መጨረሻው ሙቀት ተከፍቶ፥ መኪናው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ቁልቁለት ላይ ይቆምና ውሃው ቀስ ተብሎ ይሞላል፤ አለዚያ በውስጡ አየር ይቀራል፥ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ ነፋስ ይሰጣል።

የሚሞላውም ንጹሕ ውሃና የማይረጋ ማቀዝቀዣ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ነው። የምንጭ ውሃ ብቻ ቢሞላ ብረቱን ያዝገዋል፥ በቱቦዎቹም ደለል ያበቅላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ቦታም ረግቶ ቱቦውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከመኪናው የወጣው አሮጌ ፈሳሽ ጣፋጭ ቢሆንም ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው መርዝ ስላለበት ሰውንም ከብትንም ውሻንም ይገድላል። ስለዚህ በሜዳ ወይም ከብት በሚጠጣበት ቦይ አይደፋም፤ ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ፥ መርዝ መሆኑ ተጽፎበት፥ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ስፍራ ይቈለፍበታል፤ ዕቃውም ዳግመኛ ለመጠጥ ውሃ ወይም ለወተት አይውልም።