ቁንዶ በርበሬ ያቆመው መንግሥት

ማርታንዳ ቫርማ እ.ኤ.አ. በ1729 በህንድ ደቡባዊ ጫፍ የቬናድን ዙፋን ሲረከቡ፣ በእጃቸው የገባው ከሥልጣኑ ይልቅ ስሙ ነበር። ግብር የሚሰበስቡትም ጦር የሚያዝዙትም ባላባቶች ነበሩ። በባሕር ዳርቻው ደግሞ የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከትንንሽ መሳፍንት ጋር እየተዋዋለ ቁንዶ በርበሬን በዝቅተኛ ዋጋ ይገዛ ነበር።

ንጉሡ በቅድሚያ የተነሡት በባላባቶቹ ላይ ነው። የአመፁን መሪዎች በሞት ቀጡ፤ ርስታቸውንም ወረሱ። ቀጥሎም ቁንዶ በርበሬ የሚያመርቱ ጎረቤት ግዛቶችን አንድ በአንድ ወደ መጠቅለል ገቡ። ይህ የኩባንያውን ጥቅም ስለነካ ጦርነት አስከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1741 ግን ኩባንያው በኮላቸል ድል ሆነ። ከምርኮኞቹ አንዱ፣ ዩስታኪየስ ዴ ላኖይ፣ ለንጉሡ አድሮ ሠራዊታቸውን በአውሮፓ ሥርዓት አሠለጠነ።

ቋሚ ሠራዊት ቋሚ ገቢ ይሻል። ስለዚህ መሬት ተለክቶ በየዓይነቱ ተመዘገበ፤ የመንግሥት ገቢና ወጪም በየዓመቱ በመዝገብ ይሰፍር ጀመር። ከሁሉም በላይ ቁንዶ በርበሬ መንግሥት ብቻ የሚገዛውና የሚሸጠው ምርት ሆነ። ገበሬው በተወሰነለት ዋጋ ያስረክባል፤ መንግሥት ለነጋዴዎች አትርፎ ይሸጣል፤ ትርፉም ሠራዊቱንና አስተዳደሩን ይደጉማል።

የመንግሥቱ ጥንካሬ ከዚህ ይመነጫል፤ ሸክሙም ያረፈው እዚሁ ላይ ነው። የባዕድ ኩባንያ ዋጋ ይጫንበት የነበረው አምራች ከዚያ ጫና ቢላቀቅም፣ አሁንም ዋጋ የሚቆርጥለት ሌላ ነበር። ገዢው ተለወጠ እንጂ ገበሬው ገዢ የመምረጥ ዕድል አላገኘም።

ንጉሡ ኃይልና ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ አላጡትም። እ.ኤ.አ. በ1750 ግዛታቸውን በሙሉ ፓድማናብሃ ለተባለው የሂንዱ አምላክ በይፋ ሰጡ፤ ከዚያ ወዲህ እርሳቸውም ወራሾቻቸውም የአምላኩ አገልጋይ ተብለው ገዙ። በንጉሡ ላይ ማመፅም በአምላኩ ላይ እንደማመፅ ተቆጠረ።

ማርታንዳ ቫርማ እ.ኤ.አ. በ1758 አረፉ። ትራቫንኮር ተብሎ የታወቀው ግዛታቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1949 ከጎረቤቱ ከኮቺን ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ዘልቋል። ታሪክ የኮላቸልን ድል ደጋግሞ ያነሣል፤ ያን ድል ወደ ጽኑ መንግሥት የለወጠው ግን በየጓሮው ቁንዶ በርበሬ እየለቀመ በተቆረጠለት ዋጋ ያስረከበው ገበሬ ነው።