በእንቅስቃሴ ገደብ ወቅት የዱር ምግብ መልቀምና አደን፦ ጥቅሙ፣ አደጋውና ጥንቃቄው

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ፣ የትራንስፖርትና የገበያ እንቅስቃሴም ተገድቦ ነበር። እነዚህ እርምጃዎች የበሽታውን ሥርጭት ለመግታት አስፈላጊ ነበሩ። ይሁን እንጂ በዕለት ገቢና በሳምንታዊ ገበያ ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች የምግብ አቅርቦትን አጥብበው ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተከሰተው የበረሃ አንበጣ በአንዳንድ አካባቢዎች ሰብልና ግጦሽ ማውደሙ፣ የክረምቱ የእህል እጥረት ወራትም መቃረባቸው ችግሩን አክብደውት ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰዎች ከጫካ፣ ከሜዳና ከወንዝ ዳር ምግብ መፈለጋቸው አዲስ ነገር አይደለም። የዱር ፍሬና ቅጠል በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች የክፉ ቀን ደራሽ ሆኖ ኖሯል። አደጋው የሚመጣው የማያውቁትን ተክል ሲበሉ፣ የታመመ ወይም የሞተ እንስሳ ሲነኩ፣ እንዲሁም ለለቀማ ሲወጡ የወረርሽኙን መከላከያ ጥንቃቄዎች ሲዘነጉ ነው። ይህ ክፍል ከዱር ከሚገኘው ምግብ የትኛው እንደሚጠቅምና ከየትኛው መራቅ እንደሚገባ ያብራራል።

ምግብነታቸው የታወቁ የዱር ተክሎች

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች ቀጋ፣ ኮሽም፣ አጋም፣ የዱር እንጆሪና ዶቅማ ይለቀማሉ። በቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ቁርቁራ፣ በደኖ፣ ሁመርና ሾላ ይገኛሉ። የዋንዛና የእሸ ፍሬዎችም በየአካባቢው ይበላሉ። በትግራይና በአጎራባች አካባቢዎች በለስ በክረምቱ ወራት ለብዙ ቤተሰብ ምግብም ገቢም ነው። እነዚህ ፍሬዎች ኃይል ሰጪ ስኳርና ልዩ ልዩ ቫይታሚኖችን ይዘዋል፤ ቀጋ በተለይ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። በለስ ሲበላ እሾሁን በሚገባ ማራገፍና መላጥ፣ በአንድ ጊዜም አብዝቶ አለመብላት ያስፈልጋል፤ የፍሬው ዘር በብዛት ሲበላ ከባድ የሆድ ድርቀት ያስከትላልና።

ከቅጠላ ቅጠል መካከል ሳማ ከፍተኛ የምግብ ይዘት ካላቸው አንዱ ነው። ለጋው ቅጠል እጅን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ሸፍኖ ተቀጥፎ፣ ታጥቦና ተቀቅሎ ከገብስ ወይም ከባቄላ ዱቄት ጋር ሲሠራ ለቤተሰብ ጥሩ ወጥ ይወጣዋል። የሚለበልበው ጠጉር በእሳት ሲበስል ኃይሉን ያጣል። አሉማም በተመሳሳይ መንገድ እንደ ጎመን ይበስላል።

ማንኛውም የዱር ቅጠል ወይም ፍሬ ከመበላቱ በፊት በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ከመጸዳጃ አጠገብ፣ ከቆሻሻ መጣያ፣ ከፋብሪካ ፍሳሽና ከመኪና መንገድ ዳር መልቀም አይገባም። በቀጣዩ ዓመትም እንዲገኝ ዛፉን አለመቁረጥ፣ ቅጠሉን ከሥሩ አለመንቀል፣ ፍሬውንም ሁሉ አራግፎ አለመጨረስ ተገቢ ነው።

በስሕተት የሚበሉ መርዛማ ተክሎች

የዱር ምግብን በሚመለከት ዋናው መርህ አንድ ነው፦ በአካባቢው የሚኖሩ አዋቂዎች ምግብነቱን በእርግጠኝነት የማያውቁትን ተክል አለመብላት። ወፍ ወይም ዝንጀሮ መብላቱ ለሰው ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ጣዕሙ መጣፈጡም እንዲሁ።

አስተናግር በየመንደሩ፣ በእርሻ ዳርና በቆሻሻ አካባቢ የሚበቅል፣ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ የጥሩምባ ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃማ ፍሬ የሚያወጣ ተክል ነው። ቅጠሉ ከጎመን፣ ዘሩም ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ሰው ሊመርዝ ይችላል። የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል። በተለይ ሕፃናትን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የጉሎና የእንዶድ ፍሬዎችም መርዛማ ስለሆኑ ልጆች በጨዋታ እንዳያኝኳቸው መጠበቅ ይገባል።

እንጉዳይ፣ በሌላ ስሙ የጅብ ጥላ፣ ክረምቱ ሲገባ በብዛት ይበቅላል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበላውን ከማይበላው የሚለዩ አዋቂዎች አሉ። ነገር ግን የሚገድለው ዓይነት ከሚበላው ጋር በጣም ሊመሳሰል ይችላል፤ መቀቀል፣ መጥበስ ወይም ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም። የአንዳንዱ መርዝ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምልክት ሳያሳይ ይቆይና በማስታወክና በተቅማጥ ይጀምራል። ከዚያም ሕመምተኛው የተሻለው መስሎ ይታያል፤ ጉበቱ ግን በዚያው ጊዜ እየተጎዳ ነው። ስለዚህ እንጉዳይ በልቶ የታመመ ሰው ቢሻለውም እንኳ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የዱር ሥራ ሥሮችም ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዳንዶቹ ለረጅም ሰዓት ካልተቀቀሉና ውኃቸው ደጋግሞ ካልተደፋ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላሉ፣ ይመርዛሉም። አዘገጃጀቱን የማያውቅ ሰው ሊሞክራቸው አይገባም።

ጓያ የዱር ተክል ባይሆንም በእጥረት ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠጋበት ጥራጥሬ በመሆኑ እዚህ ሊነሣ ይገባል። ለሁለትና ለሦስት ወራት ያህል ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድና የማይድን የነርቭ ጉዳት ያስከትላል፤ ይህም በሰሜን ኢትዮጵያ በድርቅ ዓመታት በተደጋጋሚ ታይቷል። ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ጓያን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ አያስቀረውም።

ከዱር የሚለቀም ቅጠልም ሆነ ሥር ኮቪድ-19ን እንደሚከላከል ወይም እንደሚያድን በሳይንስ አልተረጋገጠም። በዚህ ተስፋ መጠኑና ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ወይም ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ለተጨማሪ መመረዝ ያጋልጣል፤ በጊዜው ሊገኝ የሚችለውን ሕክምናም ያዘገያል።

ፀረ-ተባይ የተረጨበት አካባቢ

የበረሃ አንበጣን ለመቆጣጠር በአውሮፕላን፣ በተሽከርካሪና በሰው ጉልበት ኬሚካል ይረጫል። በዚህ ምክንያት አንበጣን ለምግብነት መሰብሰብም ሆነ ለዶሮና ለከብት መመገብ አይገባም። አንበጣው በአንድ ወረዳ ተረጭቶ በሌላ ወረዳ ሊያርፍ ስለሚችል በሕይወት መገኘቱ ብቻ ከኬሚካል ነፃ ያደርገዋል ማለት አይደለም። በተረጨበት ሥፍራ ያለ ቅጠልና የዱር ፍሬም የግብርና ባለሙያ የወሰነው ጊዜ ሳያልፍ አይለቀምም። የኬሚካል ባዶ ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃና ለዘይት መያዣነት አይውልም።

አደንና ከዱር እንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎች

በሀገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የተጣለው የእንቅስቃሴ ገደብም ይህን ሕግ አላላላውም። ከሕጉ ሌላ የጤና ምክንያትም አለ። ሰውን ከሚያጠቁ አዳዲስ ተላላፊ በሽታዎች አብዛኞቹ መነሻቸው እንስሳት ናቸው። ኤች አይ ቪ ወደ ሰው የተሻገረው በመካከለኛው አፍሪካ ከቺምፓንዚዎች ነው። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን የገደለው የኢቦላ ቫይረስም ከዱር እንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። የእንዲህ ያሉ በሽታዎች ዋነኛ መተላለፊያ እንስሳውን በማረድ፣ በመግፈፍና በመበለት ጊዜ የሚኖረው ከደምና ከፈሳሽ ጋር የሚደረግ ንክኪ ነው። ሥጋው በኋላ መብሰሉ በእጅ ቁስል በኩል አስቀድሞ የገባውን ተሕዋስ አይመልሰውም።

ስለሆነም የሚከተሉት ሊጠበቁ ይገባል፦

• ታሞ የተገኘ ወይም ሞቶ የተገኘ እንስሳ፣ የዱርም ሆነ የቤት፣ አይነካም፣ አይገፈፍም፣ አይበላም። በአባሰንጋ የሞተ እንስሳ ሥጋ በመብሰል ብቻ አስተማማኝ አይሆንም፤ የበሽታው ተሕዋስ ሙቀትን የሚቋቋም ቅርፊት አለውና። እንዲህ ያለ እንስሳ ሲገኝ በአቅራቢያው ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።
• የሌሊት ወፍን፣ ዝንጀሮንና ጦጣን መያዝ፣ ማረድም ሆነ መብላት አይገባም።
• በሕግ ከተፈቀደ ምንጭ የተገኘ የአዕዋፍም ሆነ ሌላ ሥጋ፣ እንዲሁም ዓሣ፣ በጥሬው አይበላም፤ ውስጡ ቀይ መሆኑ እስኪጠፋ መብሰል አለበት። ሥጋን በቋንጣነት ማድረቅ ተሕዋስያንን ሁሉ አይገድልም።
• ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ በሳሙናና በውኃ ሳይታጠብ ለሌላ ምግብ አያገለግልም።
• በውሻ፣ በቀበሮ፣ በጅብ ወይም በሌላ አውሬ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ግን ሕይወትን ያተርፋል።

ውኃና የጫካ አዳር

በጋምቤላ ክልል ለአደን፣ ለዓሣ ማጥመድ ወይም ለማር ቆረጣ ጫካ የሚገቡ ሰዎች ከኩሬ ያልተጣራ ውኃ ሲጠጡ ለጊኒ ዎርም ይጋለጣሉ። ትሉ በሰውነት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል አድጎ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ቁስል ፈጥሮ ይወጣል። በዚያው ክልል ውሾችና ዝንጀሮዎችም በትሉ ይያዛሉ፤ ስለዚህ ራቅ ብሎ የሚገኝ ኩሬ ሰው ያልነካው በመሆኑ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ወደ ጫካ የሚሄድ ሰው የማጣሪያ ጨርቅ ወይም ከቤት የተቀዳ ንጹሕ ውኃ ሊይዝ ይገባል። ቁስል የወጣበት ሰው ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ፈጥኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳወቅ አለበት።

በቆላ ከቤት ውጭ ማደር ለወባ ያጋልጣል። በመተማና በሁመራ አካባቢ ደግሞ ከግራር ሥር መተኛት ለካላዛር አጋላጭ መሆኑ ይታወቃል። ማደር ግድ ከሆነ አጎበር መያዝ ያስፈልጋል።

ለለቀማ ሲወጣ ኮቪድ-19ን መከላከል

ኮቪድ-19 ምግብን በመብላት እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ዋናው መተላለፊያው የሰው ለሰው ንክኪና ቅርርብ ነው። በመሆኑም ለለቀማ የአንድ ቤት ሰዎች ብቻ በትንሽ ቁጥር ቢወጡ ይመረጣል። ከሌሎች ለቃሚዎች ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ማጭድና የውኃ መጠጫ አለመዋዋስ፣ ሲመለሱም ቤት ከመግባት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው ከቤት አይወጣም።

በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በመዘጋቱ ብዙ ልጆች ቀኑን ከከብት ጋር በመስክ ያሳልፉ ነበር። ልጅ በራብ ጊዜ ያገኘውን ፍሬ ወደ አፉ ያደርጋል። ወላጆች በአካባቢው ያሉትን የሚበሉና የማይበሉ ተክሎች በቦታው እያሳዩ ሊያስተምሯቸው፣ ያላወቁትንም ሳያሳዩ እንዳይበሉ ሊነግሯቸው ይገባል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች አዲስና ያልተለመደ የዱር ምግብ አይሰጥም።

መመረዝ ሲያጋጥም

የተመረዘ ሰው እንዲያስታውክ ማስገደድ፣ ወተት፣ ዘይት ወይም አረቄ ማጠጣት ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። በአፉ የቀረውን አስተፍቶ፣ ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። የተበላው ተክል ናሙና በፌስታል ተይዞ ቢሄድ፣ የተበላበት ሰዓትና መጠንም ቢነገር ለሕክምናው ይረዳል። አብረው የበሉ ሌሎች ሰዎች ምልክት ባይታይባቸውም መመርመር አለባቸው። እባብ የነደፈውን ሰው ደግሞ ቁስሉን ሳይበጡ፣ ሳይመጡና በገመድ ሳያስሩ፣ የተነደፈውን አካል እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ማጓጓዝ ይገባል። ኮቪድ-19ን በመፍራት ከጤና ተቋም መቅረት ሊድን የሚችል ሰው እንዲሞት ያደርጋል።

የቤተሰብ ምግብ ሲጎድል

የዱር ፍሬና ቅጠል ማዕድን ይደጉማል እንጂ የእህልን ቦታ አይተካም። ቤተሰቡ በቀን የሚበላበት ጊዜ ከቀነሰ፣ ልጅ ከከሳ ወይም እግሩ ካበጠ ጉዳዩን ለቀበሌ አስተዳደርና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በወቅቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የልጆች የምግብ እጥረት ልየታና ሕክምና፣ የሴፍቲኔት ድጋፍም የሚጀምሩት ችግሩ ሲታወቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ስለ ኮቪድ-19 መረጃ ለማግኘትና ጥቆማ ለመስጠት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ይቻል ነበር።